የአጸደ ግራ ጉንጭ

አጸደ በፊቷ የምታስተምር ሴት ነበረች። ይህን የምለው ወዳጄ ስለሆነች ላሞግሳት ብዬ አይደለም፤ በዚያን ዘመን ቂርቆስ አካባቢ ልጅ ያሳደገ ሁሉ ይመሰክርልኛል። እኔና እሷ በአንድ የቀበሌ መዋዕለ ሕፃናት ብዙ ዓመት አብረን ሠርተናል። የእኔን ክፍል ከእሷ የሚለየው ቀጭን የችፑድ ግድግዳ ስለነበር በወዲያኛው በኩል የሚሆነው ሁሉ ይሰማኛል።

መስከረም ሲጠባ አዲስ ልጆች ይገባሉ። መቼም የመጀመሪያው ሳምንት ለቅሶ ነው። የእናቱን ቀሚስ ጨምድዶ አልለቅም የሚል ልጅ ሲመጣ ሌሎቻችን ከረሜላ ፍለጋ እንሯሯጣለን። አጸደ ግን በርከክ ትልና ፊቷን ከልጁ ፊት ትክክል ታደርጋለች። እሱ ከንፈሩን ሲጥል እሷም ትጥላለች፤ እሱ ሲያፈጥ እሷም ታፈጣለች። ከዚያ ቀስ ብላ አንዱን ጉንጯን በአየር ትነፋና አየሩን ወደ ሌላኛው ጉንጯ ታዞረዋለች። ልጁ ማልቀሱን ይረሳል፤ እናትየዋም ሹልክ ብላ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። አንድ ቀን ዘዴው ምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ ልጅ ቃል ከመስማቱ በፊት የሚያነበው ፊት ነው፣ እኔም የሚያነበውን እሰጠዋለሁ እንጂ ሌላ ነገር የለውም አለችኝ።

ባሏ ፀሃዬ ለገሃር አጠገብ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ መካኒክ ነው። ወላጆቹ ከሰሜን የመጡ ናቸው፤ እቤታቸው ትግርኛና አማርኛ እየተቀላቀለ ይወራል። እሱ ዝምተኛ ነው፣ እሷ ቀልደኛ። ፊቷን ኮስተር አድርጋ አንድ ነገር ጣል ታደርጋለች፤ የሰማው ሰው ሊቀየም ምንም ሳይቀረው ፊቷ በአንዴ ይፈታና ሁሉም ይስቃል። ሉሊ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው።

በ1998 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ፣ አንድ ጠዋት አጸደ ስትጉመጠመጥ ውሃው ከአፏ በግራ በኩል ፈሰሰባት። ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። ፀሃዬ ግን ዞር ብሎ ሲያያት የያዘውን ፎጣ ለቀቀው። የፊቷ ግራ ግማሽ ወርዷል። ዓይኗ አይከደንም፣ ቅንድቧ አይነሳም፣ ከንፈሯ ወደ ቀኝ ተጎትቷል።

ሰፈሩ የራሱን ምርመራ አካሄደ። አንዱ ነፋስ መታት አለ፣ አንዱ ምች ነው አለ፤ ታክሲ ውስጥ መስኮት ከፍታ ስለምትሄድ ነው ያሉም ነበሩ። ጠበል ተጠመቀች። ሐኪም ቤትም ሄደች። የፊት ነርቭ ነው፣ አብዛኛው ሰው በጥቂት ወራት ይድናል ተብላ መድኃኒት ታዘዘላት። እውነትም ዓይኗ ከጊዜ በኋላ መከደን ጀመረ። ጉንጯና ከንፈሯ ግን እንደወደቁ ቀሩ። ዓመት አለፈ፤ ሌላም ዓመት አለፈ። በመጨረሻ ያያት ሐኪም ከዚህ ወዲያ ብዙ ለውጥ መጠበቅ እንደማይገባት በለሆሳስ ነገራት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግራ ጉንጯን «የሞተው» ነበር የምትለው።

የሚያሰቃያት ሕመሙ አልነበረም፤ ሕመም የለውም። የሚያሰቃያት ሌላው ሰው በፊቷ ላይ የሚያነበው ነገር ነው። ስትስቅ ቀኙ ብቻ ስለሚነሳ የምታሾፍ ትመስላለች። ዝም ስትል የተቆጣች ትመስላለች። ያ ኮስተር ብላ የምትጀምረው ቀልድ መጨረሻው ላይ የሚፈታ ፊት ስላጣ ስድብ ሆኖ ይቀራል። ሁለት ሦስት ሰው ከተቀየመባት በኋላ መቀለዱን ተወችው።

የባሰው ደግሞ ጎረቤታችን አቶ መገርሳ ያረፉ ጊዜ የሆነው ነው። አጸደ አቶ መገርሳን እንደ አባት ነበር የምታያቸው፤ ድንኳኑ ውስጥ ገብታ ከልቧ አለቀሰች። ስታለቅስ ታዲያ ቀኝ ከንፈሯ ወደ ላይ ይሳባል፣ ግራው አይከተልም። ከፊት ለፊቷ የሟች እህት ተቀምጣለች፤ ከሩቅ አገር ለቅሶ የመጣች ናት፣ አጸደን አታውቃትም። «ይቺ ሴትዮ ምን ያስቃታል?» አለች ጮክ ብላ። የሟች ባለቤት ወዲያው ነገሩን አስረዳቻት፤ እህትየዋም ደንግጣ ተነስታ አጸደን አቅፋ ይቅርታ ጠየቀቻት። አጸደ ይቅርታውን ተቀብላ እስከ ማታ ተቀመጠች። ግን ከዚያ ወዲያ ለቅሶ ቤት አልገባችም። የእድር ጥሩንባ ሲነፋ ፀሃዬን ትልከዋለች። በእኛ አገር ለቅሶ የማይደርስ ሰው ከሰው መሐል ቀስ በቀስ እንደሚወጣ የማያውቅ የለም። እሷም ወጣች።

ሥራ ቦታም እንደዚሁ። በዚያው ሰሞን አንዲት አዲስ ገቢ ልጅ ስታለቅስ አጸደ እንደ ልማዷ በርከክ ብላ ፊቷን አስጠጋች። ልጅቱ ይባስ ብላ ጮኸች፤ ከክፍሉ ሮጣ ወጥታ እኔ ቀሚስ ሥር ገባች። እንዲህ ያለው ሲደጋገም ዳይሬክተራችን እትዬ ወለተማርያም አጸደን ቢሮ ጠርተው፣ ክብሯን በጠበቀ አነጋገር፣ ለጊዜው የመጫወቻ ዕቃ ክፍሉንና የልጆቹን ምሳ ዕቃ እንድትይዝ ጠየቋት። አልተከራከረችም። ልጆቹ ጭቃ ያስነኳቸውን አሻንጉሊቶች እያጠበች ጓሮ በኩል ትውላለች። ለጊዜው የተባለው ዓመታት ሆነ።

ሰው ክፉ ሆኖባት አልነበረም። እንዲያውም ሁሉም አዘነላት። ታክሲ ውስጥ አጠገቧ የሚቀመጠው ከንፈሩን ይመጥጣል፤ ሱቅ የምትሄድበት ሰውዬ ከንፈሩን ይመጥጣል፤ የሰፈር ሴቶች መንገድ ላይ አስቁመዋት ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። «ሰው ባየኝ ቁጥር እንደገና ነው የምታመመው ጀማነሽ» አለችኝ አንድ ቀን። ጀማነሽ እኔ ነኝ። እቤቷ የነበረውን ትልቁን መስታወት አውርዳ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አስገባችው፤ ሉሊ ፀጉሯን የምታበጥረው በሞባይሏ እያየች ነበር።

በ2006 ዓ.ም. ነው እንግዳ ነገር ወደ ግቢያችን የመጣው። ካዛንቺስ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቢሮ የተከራዩ ወጣቶች ነበሩ፤ የሰውን ፊት አይቶ ስሜቱን የሚያውቅ ሮቦት እንሠራለን ይላሉ። ወደፊት ልጆችን እንዲያስተምር ነው ሐሳባቸው። ልጆች ሲያዩት ምን እንደሚሉ ለማወቅ ፈልገው እትዬ ወለተማርያምን አስፈቀዱ፤ ለወላጆችም ተነገረ። የመጡት ሦስት ሲሆኑ መሪያቸው አፍራህ የምትባል ኢንጂነር ናት። ወሎ ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ ሂጃቧን ጠበቅ አድርጋ የምታስር፣ ፈጣን ተናጋሪ፣ በየመሐሉ «ማለቴ» የምትል ልጅ።

ሮቦቱ እንደ ፈራሁት የሚያስደነግጥ ነገር አልነበረም። የሕፃን ጭንቅላት የሚያህል የጎማ ፊት ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ድምፅ ወደሰማበት ይዞራል፣ ቅንድቡና ከንፈሩ ይንቀሳቀሳሉ፤ ግንባሩ ላይ ካሜራ አለው። የሚናገረው አፍራህ ራሷ በድምፅዋ የቀዳችለትን ጥቂት ቃላት ነው። ልጆቹ በአምስት ደቂቃ ውስጥ «ጎማዬ» የሚል ስም አወጡለት። አንዱ ልጅ ሲስቅለት ጎማዬም ከንፈሩን ከፍቶ «ደስ ብሎሃል!» ይላል። ሌላው ሲኮሳተር «ተናደሃል» ይላል። የቀዱለት የወንድ አነጋገር ብቻ ስለነበር ሴቶቹንም «ደስ ብሎሃል» እያለ ሴቶቹ ተንጫጩ። እትዬ ወለተማርያምንም እንደ እኩያው «ገርሞሃል» ሲላቸው እሳቸው ራሳቸው ዓይናቸው እንባ እስኪያቅር ሳቁ።

ጫጫታውን ሰምታ አጸደ ከጓሮ መጣች። እጇ በሳሙና እንደረጠበ በሩ ላይ ቆማ ልጆቹን ታያለች። እኔ ድምፅዋን አውቀዋለሁ፤ እየሳቀች ነበር። ለዓመታት እንዲህ ስትስቅ አልሰማኋትም ነበር። ሮቦቱ ወደ ድምፁ ዞረ፤ አያት፤ ቅንድቡን ዝቅ አደረገ።

«ከፍቶሃል» አላት። «አይዞህ።»

ልጆቹ ሳቁ፣ ከዚያ ወደ አጸደ ዞረው አዩና ዝም አሉ። አጸደ እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ነጠላዋን ወደ ግራ ጉንጯ ሳብ አደረገች፣ ወደ ጓሮ ተመለሰች። ስሄድላት አላለቀሰችም። «ምን ያድርግ፣ ከሰው ነው የተማረው» ብቻ አለችኝ።

በማግስቱ አፍራህ ብቻዋን መጣች። ሮቦት የለ፣ ባልደረባ የለ። አጸደን ፈልጋ ጓሮ ገባች፤ እኔም አብሬያት ነበርኩ። ቆማ መናገር ስላቃታት ይመስለኛል፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ አጸደ፣ ትናንት እየሳቁ ነበር አይደል?» አለች።

አጸደ አሻንጉሊቱን ማጠቧን አቆመች። እንዲህ ብሎ የሚጠይቃት ሰው ለስንት ጊዜ እንዳጣች እኔ አውቃለሁ። እየሳቅኩ ነበር አለቻት።

አፍራህ አንገቷን ደፍታ ነገሩን አስረዳች። ጥፋቱ የማሽኑ ሳይሆን የእነሱ ነው። ማሽኑ የሚያውቀው ያሳዩትን ብቻ ነው፤ ያሳዩት ደግሞ የራሳቸውንና የተማሪ ጓደኞቻቸውን ፊት፣ ሁሉም ወጣት፣ ሁሉም ግራና ቀኙ እኩል። እቤቷ ገብታ የትናንቱን ምስል ደጋግማ አየችው፤ ይቅርታ ልትጠይቅ የመጣችው ለዚህ ነው። ሌላም ያየችው ነገር አለ፤ ግን ሐኪም ስላልሆነች በአፍ ለመናገር ትፈራለች። እትዬ ከፈቀዱ ቢሮ መጥተው በዓይናቸው ቢያዩት ይሻላል።

አጸደ እምቢ ትላለች ብዬ ነበር። «ጀማነሽም ትምጣ» ነው ያለችው።

ካዛንቺስ ያለው ቢሯቸው ከታች የቤት ዕቃ መሸጫ ያለበት ሕንፃ ላይ ነው። ሊፍቱ ስለማይሠራ በደረጃ ወጣን። አፍራህ አጸደን ወንበር ላይ አስቀምጣ ካሜራውን አስተካከለች፤ ፊቷ ስክሪኑ ላይ ወጣ፣ ላዩ ላይ ብዙ ትናንሽ ነጥቦች ተበትነዋል፤ ቅንድብ ላይ፣ ዓይን ዙሪያ፣ ከንፈር ላይ። አጸደ ፊቷን እንዳየች ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች። እንደ መስታወቱ ነው የሆነባት። አፍራህ አንድ ነገር ተጫነችና ምስሉ ጠፋ፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነጥቦቹ ብቻ ቀሩ። «አሁን ማየት ይችላሉ» አለች። አጸደ ዞረች።

ይህቺ ነገር ትንሽ ትመስላለች። እኔ ግን ያን ዕለት ልጅቱን የወደድኳት በዚህች ነው።

ከዚያ አፍራህ የጎማዬን ጨዋታ አንስታ እትዬ ወለተማርያም «ገርሞሃል» ሲባሉ የሆኑትን ስታስታውስ አጸደ ፈገግ አለች። በቀኝ በኩል ያሉት ነጥቦች ወደ ላይ ዘለሉ። አፍራህ ግን በጣቷ ያሳየችው ግራውን ነው። የግራ ከንፈር ጫፍ ላይ ያለችው ነጥብ ተንቀጠቀጠች፤ የፀጉር ስፋት ያህል ወደ ላይ ሄደች፤ ተመለሰች። እኔ ፊቷን ትኩር ብዬ እያየሁ ነበር፤ በዓይኔ ምንም አላየሁም። ነጥቧ ግን ሄዳለች። አፍራህ ደግማ አሳየችን፤ ቀስ አድርጋ ደግማ አሳየችን።

አጸደ ግራ ጉንጯን በጣቷ ነካ አድርጋ፣ «አልሞተም ማለት ነው?» አለች።

«ሐኪም አይደለሁም እትዬ። ይንቀሳቀሳል። እኔ የማውቀው ይህንን ነው።»

አፍራህ ብቻዋን ልታደርገው አልፈለገችም። ጠይቃ አጠያይቃ አስገዶም የሚባሉ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አመጣች፤ ሽበታቸው የወጣ፣ ነገር የማያስውቡ ሰው ናቸው። የአጸደን ፊት በጣታቸው ዳሰሱ፣ ነጥቦቹን አዩ። ነርቩ በራሱ መንገድ ተመልሷል፣ ግን ጡንቻው ሥራውን ረስቷል፤ ቀኙ ደግሞ የሁለት ሰው ሥራ እየሠራ ከልክ በላይ በርትቷል አሏት። እንደ ድሮዋ እንደማትሆን ቁርጡን ነገሯት። ያለውን ግን ማዘዝ መማር ትችላለች። በኃይል መጎተት የለም፤ በኃይል ከሆነ ቀኙ ይቀድማል። ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ሁለቱም እኩል። ችግሩ ያን ያህል ትንሽ እንቅስቃሴ በመስታወት አለመታየቱ ነው። ነጥቦቹ ግን ያሳያሉ።

እንዲህ ተጀመረ። አጸደ ልጆቹ ከተሸኙ በኋላ ከቂርቆስ ካዛንቺስ በእግሯ ትሄዳለች። አፍራህ ለግራው አንድ መስመር፣ ለቀኙ አንድ መስመር ሠራችላት፤ አጸደ ሁለቱ መስመሮች ጎን ለጎን እንዲሄዱ ትሞክራለች። የቀኙ መስመር ሲዘል ትተወዋለች፤ ትተነፍሳለች፤ እንደገና። ወራት ሄደ። አንዳንድ ቀን ምንም አይገኝም። እኔ አንዴ አብሬያት ስሄድ ቁጭ ብዬ ማየቱ ራሱ አደከመኝ፤ እሷ ግን ፊቷ ላይ ላብ እያለ ቀጠለች። እንዴት አልሰለቸሽም ብላት፣ ማሽኑ አይሰለችም፣ እኔን ደግሞ ምን አሰለቸኝ አለች።

አንድ ቀን እረፍት ላይ ሻይ እየጠጣን አጸደ ወደ ስክሪኑ በአገጯ እያመለከተች ጠየቀች።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ያዝንልኛል እንዴ?»

አፍራህ ልትዋሽ ፈልጋ እንደነበር ከፊቷ ያስታውቃል። አልዋሸችም። «አያዝንም እትዬ። ማለቴ፣ አይዞህ የሚለውም እኔ በል ስላልኩት ነው። መነሳትና መውደቁን ይለካል፣ በቃ።»

«እንዲያ ከሆነ እግዜር ይስጥልኝ» አለች አጸደ። «ይህን ሁሉ ዓመት ያላዘነልኝ ሰው የለም። ሳያዝን ያየኝ ይሄ የመጀመሪያው ነው። ከንፈር አይመጥጥም፣ አይደነግጥም፣ ዓይኑን አያሸሽም። ማዘኑን ለእኔ ትቶልኛል።» ከዚያ አፍራህን አየቻት። «አንቺ ግን አዝነሻል፤ ምስሉን ያጠፋሽልኝ አንቺ ነሽ። እሱን አውቃለሁ።»

አፍራህ ስኒዋን ይዛ ተነስታ ወደ መስኮቱ ሄደች። ወዲያው አልተመለሰችም።

ለአጸደ ከልምምዱ ይልቅ የጠቀማት ግን ሌላ ነገር ይመስለኛል። አፍራህና ጓደኞቿ ማሽኑን እንደ አዲስ ሊያስተምሩት ተነሱ፤ የአጸደን ፊት እንዲያነብ። ለዚህ ደግሞ ፊቷን እየቀረጹ በየደቂቃው እሷኑ መጠየቅ ግድ ሆነባቸው። አሁን ምን ተሰማዎት? ይህን ሲሰሙስ? ደስታ ነው ወይስ መገረም? ስምንት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ፊቷን አይቶ ፈርዶ ሲያልፍ ነበር። እዚያ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሷ ቃል ነው ትክክለኛ ተብሎ የሚያዘው፤ ማሽኑ «ተቆጥታለች» ቢል እንኳ እሷ «አይ፣ ስለ ልጄ እያሰብኩ ነው» ካለች የሚታረመው ማሽኑ ነው። እቤቷ ስትገባ ወሬ ጀመረች። ፀሃዬ አንድ ቀን ጋራዥ ድረስ ስሄድ፣ መኪና ሥር እንደተኛ፣ «አጸደ ማታ ማታ ታወራለች» አለኝ። ሌላ ነገር አልጨመረም፤ ለሱ ይህ ብዙ ንግግር ነው።

ቀልዱም ተመለሰ። ግን በዘዴ፤ ቀልዱን ከተናገረች በኋላ «ቀለድኩ» ትላለች ኮስተር እንዳለች። ይህ ራሱ ከቀልዱ በላይ ያስቃል።

እሷ በዚህ አልቆመችም። አስገዶም ዘንድ ያገኘቻቸውን ሰዎች ወደ ቢሮው ማምጣት ጀመረች፤ ስትሮክ ግማሽ ፊታቸውን የያዘባቸው አንድ ጡረተኛ ሾፌር፣ በልጅነቷ እሳት ያገኛት ስታዲየም አካባቢ የጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት። ሁሉም ተቀረጹ፣ ሁሉም ተጠየቁ። ሾፌሩ የመጀመሪያ ቀን ምን ተሰማዎት ሲባሉ፣ ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ይህን የጠየቃችሁኝ እናንተ ብቻ ናችሁ ብለው ብዙ አወሩ፤ ቀረጻው ቀረና ቁጭ ብለው ሰሟቸው።

በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ላይ አፍራህ ጎማዬን ይዛ እንደገና ወደ እኛ መጣች። አሁን የሴቱንም የወንዱንም አነጋገር ቀድታለታለች። ሌላም የለወጠችው ነገር አለ። ፊቱን አንብቦ እርግጠኛ ካልሆነ አይፈርድም፤ ይጠይቃል። ሲጠይቅ ደግሞ ሰውየው ማን እንደሆነ ስለማያውቅ በአክብሮት ነው።

ልጆቹ ተራ በተራ ቀረቡ። አጸደም በልጆቹ ግፊት ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነው። ጎማዬ አያት፤ ትንሽ ቆየ።

«ምን ተሰማዎት?» አላት።

«ደስ ብሎኛል» አለች አጸደ ለሰው እንደሚመለስ አድርጋ፤ ስትልም ግራ ከንፈሯ ከቀኙ ኋላ ቀር ብሎ፣ ግን ተነሳ። ነጥብም ስክሪንም አላስፈለገኝም፣ በዓይኔ ነው ያየሁት። እትዬ ወለተማርያምም አዩ። ልጆቹ ከዚህ ሁሉ የገረማቸው «ተሰማዎት» የሚለው ቃል ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ እርስ በርሳቸው «ምን ተሰማዎት?» እየተባባሉ ግቢውን አናወጡት። አንዲት ትንሽ ልጅ ወድቃ ጉልበቷ ሲላጥ ጓደኛዋ ጎንበስ ብላ እንደ ትልቅ ሰው ስትጠይቃት፣ የተላጠችው ለመመለስ ስታስብ ማልቀሷን ተወች።

መስከረም ላይ አጸደ ክፍሏን ተረከበች። እትዬ ወለተማርያም ይህን ሲነግሯት ቢሮ አልጠሯትም፤ ራሳቸው ጓሮ ድረስ ሄደው ነው። ክረምቱን እኔና እሷ ክፍሏን ቀለም ቀባነው። ለቅሶም መድረስ ጀመረች። የማያውቋት ሰዎች ካሉ ቀድማ፣ ፊቴ ታሞ ነው እንጂ ልቤ ደህና ነው ትላቸዋለች፤ ሰዎችም ቦታ ይለቁላታል።

የነአፍራህ ሥራ እንዳሰቡት አልቀጠለም። የሚደግፋቸው ድርጅት ሌላ አቅጣጫ ያዘ፤ ቢሮው ተዘጋ፤ ወጣቶቹም ወደየሥራቸው ተበተኑ። አፍራህ አዳማ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረች። ከመሄዷ በፊት ለአጸደ ሁለቱን መስመሮች በስልክ ላይ እንዲሠሩ አድርጋ ጫነችላት። አጸደ ዛሬም ጠዋት ጠዋት ትለማመዳለች። ሲደክማት ጉንጯ ይወርዳል፤ ብርድ ሲሆን አይታዘዝም። ዳንኩ አትልም። የተሰጠኝ ይበቃኛል፣ ተመስገን ነው የምትለው።

በ2010 አፍራህ ስታገባ አጸደን፣ ፀሃዬንና እኔን ጠራችን። ወሎ ሰፈር፣ ከቤታቸው ደጅ ድንኳን ተጥሎ ሰዉ ሞልቷል። ለክርስቲያን እንግዶች የተለየ ማዕድ ተዘጋጅቶ በሥርዓት አስቀመጡን። ምሳ እንደተበላ የአፍራህ እናት ወይዘሮ ጀሚላ በየጠረጴዛው እየዞሩ ሲያመሰግኑ እኛ ዘንድ ደረሱ። አጸደ ብድግ ብላ ስሟን ነገረቻቸው። ስሙን ሲሰሙ ሌላ ቦታ መሄዱን ትተው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

አጸደ ለዚህ ቀን ያዘጋጀችው ንግግር እንደነበራት አውቃለሁ፤ ታክሲ ውስጥ ስታጉተመትመው ሰምቻታለሁ። ሁሉም ጠፋባት። «እንዲህ ያለች ልጅ ስላሳደጉ እግዜር ይስጥልኝ» ነው ያለችው። «ልጅዎ ካደረገችልኝ በላይ እናቴም ብትኖር አታደርግልኝም።»

ወይዘሮ ጀሚላ እጇን ያዙ። እውነቱን ልንገርሽ አሏት። ልጃቸው ያንን ሥራ ስትጀምር አልወደዱላትም ነበር። ነፍስ የሌለውን ነገር ደስታና ኀዘን አስተምራለሁ ብላ ሌት ተቀን ስትለፋ፣ አላህ የሰጣትን አእምሮ በከንቱ ጨረሰችው እያሉ ያዝኑ ነበር፤ በዚህም ከልጃቸው ጋር ብዙ ተጨቃጭቀዋል።

«ከዚያ አንድ ቀን ማታ ገብታ ስለ አንቺ ነገረችኝ» አሉ። «ስለ ነጥቧ። እየነገረችኝ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሥራዋ ክፉ ቃል አልወጣኝም። እኔም አንቺን ላመሰግንሽ እፈልግ ነበር፣ አጋጣሚ አጣሁ እንጂ። ልጄ የለፋችበት ነገር ለሰው እንደደረሰ ያየሁት በአንቺ ነው።»

ሁለቱ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ተቀመጡ። ሙሽራይቱ ስትመጣ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ ወይዘሮ ጀሚላ ተነስተው አጸደን ጎትተው ከራሳቸው ወገን፣ ከእናቶቹ መሐል አቆሟት። ፀሃዬ ከኋላዬ፣ ከወንዶቹ በኩል ሆኖ አያት፤ ጎኑ ለተቀመጠው ለማያውቀው ሰው፣ «ያቺ ሚስቴ ናት» ሲለው ሰማሁ።